የቀን መቀየሪያዋን አስረከብኩ

ጥር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ አስረከብኩ። 15 ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ኮዱ የተቀመጠበት ጊትሀብ ላይ ገባሁ፣ ባለቤትነት ማስተላለፊያውን ነካሁ፣ የሪፖውን (የኮዱን ማኅደር) ስም ደግመህ ጻፍ አለኝ፣ ጻፍኩ። የምትረከበኝ ልጅ ባሕር ዳር ሆና ተቀበለች። ሰው ኮዱን በሚያወርድበት ኤንፒኤም ላይም እንደዚያው አደረግን። ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ነገር እንዲህ በቀላሉ ወጣ። ባለቤቴ "ጨረስክ?" አለችኝ፣ "ጨረስኩ" አልኳት፣ እራት በላን።

ለማታውቁት፣ ነገሩ ትንሽ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር ኮድ ነው። በ2009 ለመሥሪያ ቤት ሥራ አስፈልጎኝ በሁለት ቀን ጻፍኩት። አለቃዬን አስፈቅጄ በነጻ ለቀቅኩት፣ ከዚያ ረሳሁት። ሰው ግን አልረሳውም። የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ ውስጥ ገባ፣ የእድር መዋጮ መመዝገቢያ ውስጥ ገባ፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ላይ ቀን መጻፍ ጀመረ። አንድ ጊዜ ደግሞ አረብ አገር የምትሠራ ልጅ፣ ኮድ የሚባል ነገር የማታውቅ፣ ስሜን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ የትውልድ ቀኗ ፓስፖርቷ ላይ ተዛብቶ ተቀይሮ የቱ ልክ እንደሆነ አስልቼ እንድነግራት ጻፈችልኝ። አስልቼ ነገርኳት። እስከዛሬ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የሚያኮራኝ እሱ ነው፣ የሚገርመው ግን ከኮዱ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ በወረቀት ነው ያሰላሁት።

ሰው "ሰባት ስምንት ዓመት መቀነስ አይደል እንዴ?" ይለኛል። አይደለም። አሥራ ሦስት ወር አለ፣ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ትሆናለች፣ ስለዚህ እንቁጣጣሽ ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ከጳጉሜን 6 ማግስት ሲሆን ደግሞ 12 ላይ ይውላል። ይሄ ቀላሉ ነው። በ2016 አንድ ሰው "ኮድህ ገናን ታኅሣሥ 28 ይላል፣ ገና 29 ነው፣ አስተካክል" ብሎ በቁጣ ጻፈ። ኮዱ ልክ ነበር፣ በዘመነ ዮሐንስ ገና 28 ላይ ነው የሚውለው። እሱም ልክ ነው በሌላው ዓመት ቢሆን። የካቲት በገባ ቁጥር ደግሞ የአድዋው ጥያቄ ይመጣል። የካቲት 23 ቀን 1888ን ሲያስገቡ ማርች 1 ቀን 1896 ይላቸዋል፣ በዓሉ ግን የሚከበረው ማርች 2 ነው፣ ባግ (የኮድ ስህተት) አገኘን ይላሉ። ባግ አይደለም። ፈረንጆች 1900 ላይ ፌብሩዋሪን በ28 ዘጉት፣ እኛ በአራት ዓመታችን ቀጠልን፣ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ውጊያው የተካሄደው ማርች 1 ነው። እኛ የምናከብረው የካቲት 23ን ነው። ሁለቱም ልክ ነው። ይሄንን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አልቆጠርኩም፣ አንዴ ማብራሪያው ላይ ብጽፈው ግልግል ነበር፣ አልጻፍኩትም።

ታዲያ ለምን ተውኩት? ደከመኝ። ልጅ ወለድን፣ ማታ ማታ የነበረችኝ ሰዓት አለቀች። እሱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። አንድ ሌሊት ግን፣ አንድ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው "ደንበኞቻችን እየጠበቁ ነው፣ መቼ ነው የምታስተካክለው?" አለኝ። በሕይወቱ አንድ ብር ከፍሎኝ አያውቅም፣ አመሰግናለሁም ብሎኝ አያውቅም። የመለስኩለትን ጠዋት ሳነበው አፈርኩ። እዚህ አልደግመውም። እናቴ ብታየው ኖሮ ያሳደገችውን ልጅ አታውቀውም ነበር።

ለማን ልስጠው የሚለው ነው ያስቸገረኝ። ማንም የፈለገ ይውሰደው ማለት አይቻልም። በፈረንጆቹ 2018 ኢቨንት ስትሪም የሚባል፣ በሳምንት ወደ 2 ሚሊዮን ጊዜ የሚወርድ ኮድ ነበረ። የሠራው ሰው አይጠቀምበትም ነበር፣ አንዱ ኢሜይል ጽፎ "እኔ ልያዘው" ሲለው ሰጠው፣ ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። ተቀባዩ ቢትኮይን የሚሰርቅ ኮድ ከተተበት። ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ላይ የሆነው ደግሞ ይብሳል። እዚያ ሰርጎ የገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ጥሩ ጥሩ ኮድ እየላከ ቆየ፣ የማይታወቁ ሰዎች ደግሞ ከጎን ሆነው ብቻውን የሚለፋውን ሜንቴይነር (የኮዱን ጠባቂ) "ዘገየህ፣ ለሌላ ስጥ" እያሉ ወተወቱት፣ እሱም ደክሞት ነበር፣ ሰጠ። ተቀባዩ ሰርቨር ውስጥ የሚያስገባ ስውር በር ደበቀበት። መጋቢት 2016 ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ሰርቨር ላይ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው የተደረሰበት። ሌላው ሰው ቢሆን "ኔትወርክ ነው" ብሎ ያልፈው ነበር፣ እኔማ በእርግጠኝነት። ሰርጎ የገባው ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። የእኔዋ መቀየሪያ ቢትኮይን የላትም፣ ግን የሕመምተኛ ቀጠሮ የሚያዝበት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጣለች። ከዚያ ታሪክ ያልለቀቀኝ የሌባው ብልጠት አይደለም፣ የሜንቴይነሩ ድካም ነው። ያንን ድካም አውቀዋለሁ። በዚያ ሰሞን አንድ ጨዋ ሰው መጥቶ "ላግዝህ" ቢለኝ እጁን ስሜ እሰጠው ነበር።

ልጅቷን ያገኘኋት በጳጉሜን ነው። የሆስፒታል ቀጠሮ ሲስተም ትሠራለች። "ከጳጉሜን 3 ጀምሮ አንድ ወር ሲደመር ወዴት ይሄዳል?" የሚል ጥያቄ ላከች። ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ መልስ አልነበረኝም። ከሦስት ቀን በኋላ ራሷ መልሱን፣ ልክነቱን ከሚፈትሸው ቴስት ጋር፣ ይዛ መጣች። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። መጀመሪያ "እርስዎ" እያለች ነበር የምትጽፍልኝ፣ ተይ አልኳት፣ "ጋሼ" ሆነ፣ እሱ ባሰ። ትረከበኝ እንደሆነ ስጠይቃት ወዲያው እሺ አላለችም። "ላስብበት" አለች። ይሄ ነው ያሳመነኝ። የሚቸኩል ሰው አያስፈልገኝም ነበር። ለማንኛውም በሌላ ሥራ ላይ አብሯት የሠራ የማውቀውን ሰው ጠየቅኩ፣ በቪዲዮም አወራን፣ ዘንድሮ እንዲህ ነው።

ማስተላለፉ 15 ደቂቃ እንኳን አልፈጀም አልኩ፣ ሌላው ነገር ግን ሦስት ወር ወሰደ። እሑድ እሑድ ተደዋውለን ኮዱን መስመር በመስመር ሄድንበት። "ይሄ ለምንድነው?" ትለኛለች። መስከረምን ለምን 1 አልከው፣ ኮዱ የተጻፈበት ጃቫስክሪፕት ጃንዋሪን 0 ብሎ ነው የሚጀምረው? ሆን ብዬ ነው፣ መስከረምን ዜሮ ብሎ የሚቆጥር ሐበሻ አላየሁም። ሰዓት ለምን የለም? እሱም ሆን ብዬ ነው። መጀመሪያ ሰዓት ነበረው፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው ሲከፍተው የልደቱ ቀን በአንድ ወደ ኋላ ይሄድበት ነበር፣ ተናድጄ ሰዓት የሚባለውን ነገር ነቅዬ ጣልኩት። የኛን ሰዓት ጨምርበት ብለው ሦስት ሰዎች ጠይቀውኝ እንቢ ብያለሁ። አንዳንዱ ጥያቄዋ ላይ ግን "እንጃ" ነው መልሴ። 412ኛው መስመር ላይ አንድ ቁጥር አለ፣ ሲነኩት አራት ቴስት ይወድቃል፣ ለምን እንደጻፍኩት አላስታውስም። አብረን አንድ እሑድ ሙሉ ፈለግነው። መብራት ጠፋብኝ፣ በስልኬ ቀጠልን። አላገኘነውም።

እናቴ የማርያም ማኅበር አላት። ልጅ ሆኜ የሚያስደንቀኝ ጽዋውን ሲያሻግሩ ነበር፤ ያወጣችው ሴት ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ስትሰጥ ሁሉም ይነሣሉ፣ ይዘምራሉ፣ እስከ በሩ ይሸኛሉ። ሰጪዋ ታዲያ አላዘነችም፣ ቤቷ ተበልቶ ተጠጥቶ አለቀ፣ ዕቃዋን ታጥባለች። ተራዋ እንደገና እንደሚደርስ ታውቃለች። የኔ ነገር ግን ተራ የለውም። ደግሞም እልልታ የለም፣ ከጊትሀብ አንድ ኢሜይል መጣ፣ በቃ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከነጭራሹ ልዝጋው ብዬም አስቤ ነበር። ብራውዘሮች አሁን ራሳቸው የፈረንጁን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳያሉ፣ ዓመተ ምሕረትም ዓመተ ዓለምም ያውቃሉ። የጎደላቸው ከኛ ወደ ፈረንጅ መመለሱ ነበር፣ ቴምፖራል የሚባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት ቀን ማስያ እሱንም እያመጣው ነው። ለልጅቷ ነገርኳት፣ የምታልቅ ነገር ልሰጥሽ ነው አልኳት። "ጋሼ፣ እኛ ጋ ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ነው" አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አንድ ሳምንት ሙሉ ስልኬ ጭር አለ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሁለት ሌሊት ተነሥቼ ሪፖውን ከፍቼ አይቻለሁ። 412ኛውን መስመር በጥንቃቄ አልፋዋለች። የአማርኛ የወር ስሞቹን ግን ቀይራቸዋለች፣ እኔ "ህዳር" ያልኩትን "ኅዳር" አድርጋዋለች። ትንሽ ቆጨኝ። ልክ ናት።

ትናንት የአድዋው ጥያቄ መጣ። ቡናዬን አስቀምጬ፣ እጄ ለምዶበታል፣ 1900 ላይ ፈረንጆች ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ የሷ መልስ ብቅ አለ። አራት መስመር ነው። ማብራሪያው ላይም ጨምራዋለች፣ ሊንኩን አስቀምጣለታለች። ከኔ መልሶች የሚለየው በመጨረሻው መስመር ነው፣ "ስለጠየቁን እናመሰግናለን" ይላል።