ቢን ካርድ የማያውቅ የለም

የሥራ ማመልከቻ የሚጽፈው ሥራ ፈላጊው ነው ብሎ የሚያምን ሰው ቱሉ ዲምቱን አያውቃትም። እዚህ ማመልከቻ የሚጽፈው ኮምፒውተር ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ከተደረደሩት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰው ይገባል፣ «ማመልከቻ» ይላል፣ ስሙንና የሚያመለክትበትን መሥሪያ ቤት ይነግረኛል። የትናንቱን ፋይል እከፍታለሁ፣ የትናንቱን ሰው ስም አጠፋለሁ፣ የዛሬውን እተካለሁ። «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻን ይመለከታል» ከሚለው እስከ «ከሰላምታ ጋር» ድረስ ያለው አይነካም። በግልም ሆነ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም፣ በታማኝነትና በቅንነት የሚያገለግል ሕዝብ ነው ያለን።

ደንበኞቻችን በቂሊንጦና በቃሊቲ፣ ወረድ ሲልም በገላንና በዱከም ፋብሪካዎች በር ላይ ማስታወቂያ አንብበው የሚመጡ ናቸው። ጋዜጣ ይዞ የሚመጣ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከቴሌግራም ያገኘውን በስልኩ ያሳየኛል። ብዛት አንድ፣ ደመወዝ በስምምነት፣ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ መልሱም አንድ ዓይነት ቢሆን አይገርምም። ለማይመለሰው ፎቶ ኮፒ ግን እናመሰግናለን፤ የቤቱ ኪራይ የሚከፈለው በእርሱ ነው።

ችግሩ እኔ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ጋሼ፣ ማለትም የቤቱ ባለቤት፣ ይህን ጠባዬን አይወዱትም። «አንቺ ጸሐፊ ነሽ ወይስ መርማሪ?» ይሉኛል። እሳቸው በሁለት ጣት ስለሚጽፉ ከተጻፈው መገልበጥን ይመርጣሉ።

ሴትዮዋ የመጡት ሰው በበዛበት ሰዓት ነበር። ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆነው 7 ዓመት አገልግለዋል፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወጥተዋል። የሥራ ልምድ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው እንዲሰጥ የሚያዘው ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይናገራል፤ ሰውየው ሥራውን እንዴት እንደሠራው ግን አይናገርም። ያንን የሚናገር ነገር ቢኖር ማመልከቻው ብቻ ነው፤ እሱንም የምንጽፈው ከትናንቱ ሰው ገልብጠን ነው።

«እትዬ፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ዕቃ እቀበላለሁ፣ ዕቃ አወጣለሁ። ሌላ ምን አለ?»

«ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው የማያደርገው፣ እርስዎ ግን ያደረጉት?»

«ልጄ፣ ታክሲው ረጅም ሰልፍ አለው። ጻፊልኝና ልሂድ።»

ከኋላቸው የቆመው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ግን ጣቴን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቼ ጠበቅኋቸው። ተቆጡ። ሰው ሲቆጣ ደግሞ እውነቱን ይናገራል። «ምን ላድርግ ትያለሽ? በሰኔ ቆጠራ ሌላው ግምጃ ቤት ሲታመስ የኔ ግምጃ ቤት ጸጥ ይል ነበር፤ ይኸው ነው።»

ለምን ጸጥ እንዳለ ከሳቸው አፍ ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ፈጀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቢን ካርዱ ዕቃው ካለበት መደርደሪያ ላይ ይንጠለጠላል፤ ግምጃ ቤቱ ብዛቱን ብቻ ይጽፍበታል፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ስቶክ ካርዱ ሒሳብ ክፍል ይቀመጣል፤ እሱ ዋጋም አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ሁለቱም ካርዶች በመደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር መስማማት አለባቸው። ሳሙና የሚሠራበት ኬሚካል፣ ኮስቲክ ሶዳው፣ ግን አይስማማም ነበር። ምርት ክፍል አሥር ከረጢት ያወጣል፣ ስምንቱን ይጠቀማል፣ የቀረውን ሁለት ማታ አምጥቶ በር ላይ ጥሎት ይሄዳል። ዕቃው ተመልሷል፤ ወረቀት ግን የለውም። ካርዱ ሌላ፣ መደርደሪያው ሌላ ይናገራል። «ዕቃ ሲጎድል ሌባ ትባያለሽ» አሉኝ፤ «ሲተርፍ ደግሞ ነገ ልታወጪው ያስቀመጥሽው ነው ይሉሻል።» ሴትዮዋ የመመለሻ ቅጽ እንዲታተም ወተወቱ፤ ታተመ፤ ከዚያ ወዲያ ሳይፈረምበት በራቸውን ያለፈ ከረጢት የለም።

ይህንን ነው የጻፍኩት። የቤታችን ኮምፒውተር እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፎ አያውቅም፦

«በሳሙና ፋብሪካ ግምጃ ቤት 7 ዓመት ሠርቻለሁ። ከምርት ክፍል የሚመለስ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ሰነድ ይገባ ስለነበር ቢን ካርዱና የሒሳብ ክፍሉ ስቶክ ካርድ መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር አይስማሙም ነበር። የመመለሻ ቅጽ እንዲታተም አስደርጌ አንድ ከረጢት እንኳ ያለ ፊርማ እንዳይገባ ከለከልኩ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ሁለት የሰኔ 30 ቆጠራዎች ልዩነት አልተገኘም።»

ከላይ የሥራ መደቡ ስም፣ ከታች የተያያዙት ማስረጃዎች ዝርዝር። አለቀ፤ ግማሽ ገጽ። «የልጆች እናት ስለሆንኩ» የሚል ሐረግ እንዲገባላቸው ተከራክረውኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የሚቀጥር ሰው ስለ ግምጃ ቤቱ እንጂ ስለ ምጣዳችን ማሰብ የለበትም። በምትኩ «ከወዲሁ አመሰግናለሁ» የምትለዋን ተውኩላቸው፤ ያለሷ ጸያፍ ይሆናል አሉ። አንብበው ሲጨርሱ «ይህን ሁሉ ማን ያነብልኛል?» ብለው ከፍለው ሄዱ።

ያነበቡት ጋሼ ነበሩ። እኔ በማልገባበት ቀን ፋይሉን አግኝተው «ምርጥ» ብለው ሰይመው ዴስክቶፑ ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊዋ መጣች። ከየት ፋብሪካ እንደሆነች አልናገርም። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ እኔ «እርስዎ» ስላት እሷ «አንቺ» ትለኛለች፤ በክንዷ ሥር የካኪ ፖስታ ክምር ይዛለች። ፖስታዎቹን ገለበጠቻቸው፤ በእያንዳንዱ ጀርባ የቤታችን ማኅተም አለ። ወረቀቶቹን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ካርታ ደረደረቻቸው።

«እነዚህ ሰዎች በሙሉ ሳሙና ፋብሪካ ሠርተዋል?»

አንዱን ሳነበው ገባኝ። ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ፤ ጋሼ የፎቶ ኮፒውን ማሽን ከፍተው በቀለሙ ማጠራቀሚያ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር።

«አንዷ ሠርተዋል» አልኳት።

«ኮስቲክ ሶዳውን ግን ሁሉም አስታርቀውታል። ይህች ለጽዳት ሥራ ነው ያመለከተችው፤ የመመለሻ ቅጽ አሳትማለች። ይህ ደግሞ ዘንድሮ የተመረቀ ነው። ካሪኩለም ቪቴው ላይ ልምድ ዜሮ ዓመት ይላል፤ ማመልከቻው ላይ 7 ዓመት ሠርቻለሁ ይላል። በስንት ዓመቱ ነው የጀመረው?»

መልስ አልነበረኝም። የሚቀጥለውን ወረቀት በሁለት ጣቷ አንሥታ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የሹፌር ማመልከቻ ነው። ጋሼ ለሹፌሩ ተጨንቀውለታል፤ «ኮስቲክ ሶዳ» የሚለውን በ«ናፍጣ» ለውጠውለታል። «ከረጢት» የሚለውን ግን ዘንግተውታል፤ ከኋላውም ያችኑ ናፍጣ ጨምረውለታል።

«አንድ ከረጢት ናፍጣ እንኳ ያለ ፊርማ እንዳይገባ ከለከልኩ» አለች። ከንፈሯን ነከሰች። እኔም ነከስኩ። ከማሽኑ በኩል የቀለም ሣጥን ሲወድቅ ተሰማ።

ሳቁ አልፎ ቁጣው ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማት ሁሉንም አንድ ላይ እንደምትጥል፣ ዋናዋን ከቅጂዎቹ ስትለይ የምትውልበት ጊዜ እንደሌላት ነገረችኝ። እዚህ ላይ ነው እኔ የተቆጣሁት። ማመልከቻዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት በነበሩበት ዘመን፣ ሁሉም ታማኝና ቅን በነበሩበት ጊዜ፣ አንድም የሰው ኃይል ሰው ፖስታ ይዞ ወደዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም። ያ ሁሉ ግልባጭ ሲያልፍ አንዲት እውነተኛ ታሪክ ስትገለበጥ ነው የታያቸው።

«ይፈትኗቸው» አልኳት። «ከምርት ክፍል የተመለሰ ዕቃ በምን ሰነድ እንደሚገባ፣ ቢን ካርዱ ላይ በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ ይጠይቋቸው። የሠራ ያውቀዋል።»

ወረቀቶቿን ሰበሰበች። «ይህ እንኳ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች፤ እንደ ሙገሳ ሳይሆን ዕቃ እንደሚረከብ ሰው። የፈተና ማስታወቂያውን ፎቶ ኮፒ አስደርጋ፣ ደረሰኝ ጠይቃ ሄደች። ጋሼ ቀና ብለው «ደንበኛ ሆነች ማለት ነው» አሉ።

በፈተናው ዋዜማ አንድ ልጅ መጣ። ገና ተመራቂ ነው፣ ትሑት ነው፣ «እኅቴ፣ ባላስቸግርሽ» ብሎ ይጀምራል። ቢን ካርድ ምን እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ለማወቅ የሚጓጓ ልጅ መስሎኝ በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ሠንጠረዡን ሣልኩለት፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። የተመለሰ ዕቃ በመመለሻ ቅጽ ተፈርሞ በገቢ በኩል ይጻፋል አልኩት። «ስቶክ ካርዱስ?» አለኝ። ሒሳብ ክፍል ነው፣ የቅጹ ቅጂ ሲደርሳቸው ይጽፉታል አልኩት። ጎበዝ ነው፤ ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ምስጋናውን ካደረሰልኝና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው ስሙን ከዚያ ክምር ውስጥ እንዳነበብኩት ትዝ ያለኝ፤ ልምድ ዜሮ፣ አገልግሎት 7 ዓመት።

የተቀጠረው እሱ ነው። ሴትዮዋ ራሳቸው ነገሩኝ፤ በግምጃ ቤቱ ጥያቄ እኩል ነበሩ፣ በኮምፒውተሩ ፈተና በለጣቸው፣ እሳቸው ተጠባባቂ ተባሉ። የሙከራ ጊዜ የሚባለው 60 የሥራ ቀን አለ፤ ያ ጊዜ ያጋልጠዋል ብዬ ነበር። አላጋለጠውም። ሥራውን ጥሩ አድርጎ ይሠራል አሉ። በቀደም ለጓደኛው ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ አየሁት፤ ቅጹን ያለ ፊርማ የሚያመጡ የምርት ክፍል ሰዎች እንዴት እንደሚያስቸግሩት በምሬት አጫወተኝ። በእውነት ተማርሯል፤ ያ ምሬት ከማንም የተገለበጠ አይደለም።

ሴትዮዋስ? ዱከም አካባቢ ገብተዋል። ድሮ ኮስቲክ ሶዳ ያመጣላቸው የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር ነው ለአዲሱ አሠሪያቸው የጠቆማቸው። «እዚያስ ምን ብለው አመለከቱ?» አልኳቸው።

«ምን ማመልከቻ! ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም። ቁልፉን ሰጡኝ፣ ቁጠሪ አሉኝ፣ ቆጠርኩ።»

ጋሼ ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ትምህርት በሩ ላይ ተለጥፏል፦ «ሥራ ያስቀጠረ ማመልከቻ እዚህ ይገኛል። 50 ብር።» ተራው ማመልከቻ 30 ብር ነው። ሰው ለሁለቱም ይሰለፋል። እኔ ደግሞ አሁንም ሰውን እጠይቃለሁ፤ የሚነግረኝን እጽፋለሁ፣ አትሜ እሰጠዋለሁ፣ ፋይሉን አላስቀምጥም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው አገኘኋቸው።

«‹ምርጥ› የሚለው ፋይል የት ሄደ?»

«ቫይረስ በልቶት ይሆናል፣ ጋሼ። ሰው የሚያመጣው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነው።»

«ይህ ሁሉ ፋይል እያለ እሱን ብቻ ለይቶ?»

«ታዲያ ምርጥ ብለው የሰየሙት እርስዎ አይደሉ?»