እትዬን ይዤ ሊዝበን፦ እራት ከፋዶ ጋር

የፖርቹጋል ዋና ከተማ ሊዝበን ሄዶ ፋዶ የሚባለውን ዘፈን ሳይሰሙ መመለስ አይሆንም ይባላል። እውነት ነው። ግን ፋዶ ቤትን እንደ ተራ ምግብ ቤት አስቦ የሚገባ ሰው ተበሳጭቶ ነው የሚወጣው። ምግቡ ይዘገያል፣ ዋጋው ይከብዳል፣ መብራቱ በየመሃሉ ይጠፋል። እኔ ገና ቦታ ሳልይዝ ለራሴ የነገርኩት ነገር ቢኖር፣ ሳህኑ ላይ ያለው ዓሣ የመግቢያ ትኬት ነው፣ የምንሄደው ለዘፈኑ ነው የሚል ነው። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ ወንበሩንም የመረጥኩት በዚህ ስሌት ነው።

ፋዶን ለማታውቁት፣ በ1800ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አልፋማና ሙራሪያ ከሚባሉት የሊዝበን የድሃ ሰፈሮች የወጣ ዘፈን ነው። አንድ ዘፋኝ፣ ከኋላ ሁለት ጊታር፣ በቃ። ዓለም ያወቀው በአማሊያ ሮድሪገሽ ድምፅ ነው። አማሊያ በ1999 ስታርፍ አገሩ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀበት። ዛሬ አስከሬኗ ያለው ከፕሬዚዳንቶች ጋር፣ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በብሔራዊው ፓንቴዮን ውስጥ ነው። ዩኔስኮም በ2011 ፋዶን በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። "ጀርመንን አየሁት፣ ደግሞ ሌላ አገር አሳየኝ" አሉና ወደ ሊዝበን ተነሳን። እሳቸውን ይዞ እራት መውጣት የራሱ ሕግ አለው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። የአሳማ ሥጋ እንኳን ሊበሉ አጠገባቸው እንዲቀርብም አይፈልጉም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አልፋማ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው። ስለዚህ ቀኑ ሐሙስ ሆነ፣ ቦታውም ታክሲ ከሚደርስበት ብዙ የማይርቅ እንዲሆን ወሰንኩ።

ቦታ መምረጡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ነገር እዚያ ነውና። በአንድ በኩል የታወቁት ትልልቅ ፋዶ ቤቶች አሉ። ካፌ ሉሶ ከ1927፣ አዴጋ ማሻዱ ከ1937፣ ኦ ፋያ ከ1947 ጀምሮ አሉ። እዚህ ዘፋኞቹ ባለሙያ ናቸው፣ ጠረጴዛ ቀድሞ ይያዛል፣ እራት ለአንድ ሰው ከ50 ዩሮ በላይ ይፈጃል። በሌላ በኩል ታሽካ የሚባሉት ጠባብ መጠጥ ቤቶች አሉ። እዚያ ሹፌሩም፣ ጡረተኛውም፣ የሰፈር ሰው ሁሉ ተራ ጠብቆ ይዘፍናል። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ብቻ ቢሆን ታሽካ እመርጥ ነበር። ግን ሰው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ውስጥም ብዙው ቆሞ ነው የሚሰማው። እትዬን አንድ ሰዓት ማቆም አይታሰብም።

ለመሆኑ እራትና ዘፈን ለምን እንዲህ ተጣበቁ? ነገሩ የፖለቲካ ነው። በ1926 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። በማግስቱ ዓመት የወጣው ደንብ የዘፈን ግጥም ቀድሞ በሳንሱር እንዲያልፍ፣ ዘፋኝ የሙያ ካርድ እንዲይዝ፣ የሚዘፈንበትም ቤት ፈቃድ እንዲኖረው አስገደደ። በየመንገዱና በየመጠጥ ቤቱ እንደልብ ይዘፈን የነበረው ፋዶ ፈቃድ ወዳላቸው ቤቶች ተሰበሰበ። እነዚያ ቤቶች ናቸው ዛሬ ቱሪስት እራት የሚበላባቸው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የሒሳቡ ነገር ብዙም አልገረመኝም።

እኔ የፈለግኩት መሃሉን ነው። አልፋማ ውስጥ ትንሽ ክፍል፣ ጠረጴዛ ቀድሞ የሚያዝበት፣ ግን ለአውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት ያልተዘጋጀ። መንገድ ላይ ሜኑ ይዘው ክንድ የሚይዙትን አለፍኳቸው። ቀድሜ ለጥቂት ቤቶች ኢሜይል ጻፍኩ። ጥያቄዎቼ አጫጭር ነበሩ። ዘፈኑ በማይክሮፎን ነው ወይስ ያለ ማይክሮፎን? የዚያን ምሽት የሚዘፍኑት እነማን ናቸው? ዋጋው ሙዚቃውን ይጨምራል ወይስ ለብቻ ይታሰባል? ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ስንት ደረጃ አለ? የአሳማ ሥጋ የሌለበት ምን አላችሁ? አንደኛው ቤት "ሁሉም አለን፣ ኑ ብቻ" ብሎ መለሰ። ሌላኛው የዘፋኞቹን ስም ጽፎ፣ "ማይክሮፎን አንጠቀምም፣ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው፣ ሾርባውን ያለ ቋሊማ እናቀርባለን" አለ። የትኛውን እንደያዝኩ መናገር አያስፈልግም።

ቀኑን ሆን ብዬ ቀላል አደረግኩት። ጠዋት ቤሌም ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ጄሮኒሙሽ ገዳም ውስጥ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ። እትዬ ቆመው አዩትና "ልጁ እኮ እኛ ጋ ነው የቀረው" አሉ። ልክ ናቸው። ልጁ ክርስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ በምፅዋ ገብቶ ነበር፣ በማግስቱ ዓመት በግራኝ አሕመድ እጅ ወድቆ ተገደለ። አጠገባችን የነበሩት ጎብኚዎች ይህቺ ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ምን ይሆን የምትለው ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም።

ከሰዓት በኋላ እረፍት። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። የፋዶ ምሽት ረጅም ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የዋለ ሰው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማንጎላጀት ይጀምራል። ከዚያ በታክሲ ፖርታሽ ዱ ሶል የሚባለው ከፍታ ድረስ ወጣንና ቁልቁል ቀስ እያልን ወረድን። ታዋቂውን 28 ቁጥር ትራም ያልተሳፈርነው ሆን ብለን ነው። ሰው እንደ ሰርዲን ተጠቅጥቆበታል፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋም። አልፋማ በ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሌላው ከተማ በተሻለ የተረፈ ሰፈር ስለሆነ መንገዶቹ ዛሬም የድሮዎቹ ናቸው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ አሉ። ከታች አደባባዩ ላይ የፋዶ ሙዚየም አለ። በ1998 የተከፈተ ነው፣ ትልቅ አይደለም። ከእራቱ በፊት እዚያ መግባታችን ጠቅሞናል። ማታ የምንሰማው ምን እንደሆነ አውቀን ገባን።

ጠረጴዛ የያዝኩት ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በእነሱ 20 ሰዓት ላይ ነው። ዘፈኑ የሚጀምረው 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ቀድሞ መግባት ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ወንበር ትመርጣላችሁ፣ ዋናውን ምግብ ደግሞ መብራት ሳይጠፋ ትበላላችሁ። እኛ ለጊታሮቹ ቅርብ የሆነውን ያዝን። ዘግይተው የመጡ ጥንዶች ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጡ። የሰሃን ኳኳታ ሲሰሙ አመሹ።

ገና እንደተቀመጥን አስተናጋጁ ዳቦ፣ ወይራ፣ አይብና ቀይ ስስ ሥጋ ደርድሮ አስቀመጠ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?" አሉ እትዬ ወንበራቸውን ወደኋላ ገፋ አድርገው። የአሳማ ሥጋ ነው። ኩቬር ይሉታል፣ ሳታዙት የሚቀርብ መክሰስ ነው፣ ነፃ ግን አይደለም። በፖርቹጋል ሕግ ያላዘዛችሁትንና ያልነካችሁትን ኩቬር ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። ወይራውንና ዳቦውን አስቀርቼ ሌላውን "ውሰደው" አልኩት። ምንም ቅር ሳይለው ወሰደ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ካልዱ ቬርዴ መጣ። በፀጉር ቅጥነት የተከተፈ ጎመን በድንች ሾርባ ውስጥ። በተለምዶ ሹሪሱ የሚባል የአሳማ ቋሊማ ጣል ይደረግበታል፣ እንደተባለው ያለሱ ነው የመጣው። "ጎመን በድንች ለመብላት ነው ባሕር የተሻገርነው?" አሉ፣ ግን ሳህኑን ጠረጉት። ዋናው ምግብ ባካልያው አ ብራሽ ነበር። በጨው የደረቀ ኮድ የሚባል ዓሣ ውሃው እየተቀየረ አንድ ሁለት ቀን ይዘፈዘፋል። ከዚያ ተቦጭቆ፣ በሽንኩርት፣ በክር ቅጥነት ተከትፎ በተጠበሰ ድንችና በእንቁላል ይታሻል። እንቁላል ፍርፍር ለሚወድ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ጨዋማ ነው፣ ውሃ ቀድማችሁ እዘዙ። ከዚያ በላይ ስለ ምግቡ የምለው የለኝም። ጥሩ ነው፣ ሲጠሩት የሚኖሩት አይደለም።

ከዚያ መብራቱ ደበዘዘ። አስተናጋጁ እጁ ላይ ያለውን ሰሃን እንደያዘ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አንድ ሰው "ዝም በሉ፣ ፋዶ ሊዘፈን ነው" የሚለውን የተለመደ ማስጠንቀቂያ በፖርቹጋልኛ ተናገረ። ቀልድ አይደለም። ሹካ አይነሳም፣ ወሬ የለም፣ የስልክ ፍላሽ የለም። ከኋላችን ያለ ጠረጴዛ ሲያንሾካሹክ ዘፋኟ ሳትሆን ሌሎቹ እንግዶች ናቸው "ሽሽሽ" ያሉት።

ጥቁር ሻርፕ የደረበች ሴት ከጊታሮቹ ፊት ቆመች። ሻርፑ በ1846 ገና በ26 ዓመቷ ለሞተችው የሙራሪያዋ ዘፋኝ ማሪያ ሴቬራ መታሰቢያ ነው ይባላል። ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ወደኋላ ጣል አድርጋ ጀመረች። ያለ ማይክሮፎን፣ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ። ድምፁ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

እኔ ግን ዓይኔን ከጊታሩ ማንሳት አቃተኝ። የፖርቹጋል ጊታር ሆዱ ክብ ነው። ክሮቹ 12 ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በስድስት ረድፍ። መቃኛው ራሱ ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል። የተጫዋቹ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ላይ ሰው ሠራሽ ጥፍር ተለጥፏል፣ ክሩ ላይ ሲያርፍ ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰጣል። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ እሱ ይገባል፣ እሷ ስትመለስ እሱ ይወጣል። አንዴም አልተያዩም። ሁለተኛው ጊታር የተለመደው ዓይነት ነው፣ ሥራው ከሥር ምቱን መያዝ ነው።

ከሦስት ዘፈን በኋላ መብራት በራ፣ ምግብ መዞር ጀመረ። ከሩብ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሌላ ዘፋኝ ተነሳ። ምሽቱ በሙሉ እንዲህ ነው የሚሄደው። ዘፋኝ ሲለዋወጥ ጊታረኞቹ እዚያው ናቸው። ልምምድ ሳያደርጉ እንዴት ይገጥማሉ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የድሮዎቹ ፋዶዎች ዜማቸው የታወቀ ነው። ዘፋኙ ቤት የሚመታለትን የራሱን ግጥም ይዞ ይመጣል። ዜማውንና የሚዘፍንበትን የድምፅ ከፍታ በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፣ ጀመሩ። አዝማሪ ቤት ላደገ ጆሮ ይህ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ አዝማሪው አንተን እያየ፣ ስምህን እየጠራ፣ እየነካካ ነው የሚዘፍነው። እዚህ ማንም ማንንም አያይም።

ይህን ለእትዬ ቀድሜ መንገር ነበረብኝ ማለት አልችልም፣ ነግሬያቸዋለሁ። ቢሆንም ሦስተኛው ዘፋኝ፣ ጠና ያለ ሰውዬ፣ የመጨረሻውን ቤት ሲደግመው እጃቸው ቦርሳቸው ውስጥ ገባ። አሥር ዩሮ ወጣች። ግንባሩ ላይ ሊለጥፉለት ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ቀሚሳቸውን ያዝኩ። "እትዬ፣ እዚህ አይሸለምም" አልኳቸው። "ታዲያ ዝም ብሎ ይውረድ?" አሉኝ ተቆጥተው። ደግነቱ በእረፍቱ ሰውዬው የራሱን ሲዲ ይዞ በየጠረጴዛው ዞረ። ፋዶ ቤት ውስጥ ዘፋኝን በቀጥታ የምትሸልሙበት መንገድ ይህ ነው። እትዬ ሲዲውን ገዙ፣ መልስም አልተቀበሉም። ቤት ውስጥ ሲዲ ማጫወቻ የለንም።

ብዙው ቱሪስት ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል። እናንተ አትውጡ። ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ክፍሉ ይሳሳል፣ ወጥ ቤቱ ዝም ይላል። ሌላ ቦታ ሥራ የጨረሱ ዘፋኞችም ብቅ ይላሉ። ያን ምሽት በእራት ሰዓት ሰሃን ሲያመላልስ የነበረው አስተናጋጅ ሽርጡን ፈትቶ ዘፈነ፣ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰውም ይህን ሰዓት ይጠቀምበት። በርካታ ቤቶች ከእራት በኋላ በመጠጥ ብቻ ያስገባሉ፣ ዝቅተኛ ሒሳቡን በር ላይ መጠየቅ ነው።

ለሁለታችን 118 ዩሮ መጣ፣ ሙዚቃው ውስጥ ነው። ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ትንሽ ጨመርኩ። እትዬ ወረቀቱን አይተው በብር ሊያሰሉት ሲሉ "ተዉት፣ እንቅልፍ ይነሳል" አልኳቸው። ታክሲ በአልፋማ ጠባብ መንገዶች ስለማይገባ ወደ ሙዚየሙ አደባባይ ወርደን ነው የተሳፈርነው፤ ይህንም ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ አስቡበት።

መንገድ ላይ ስለ ኮይምብራ ነገርኳቸው። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፣ የራሷ ፋዶ አላት። የሚዘፍኑት በልማድ ወንዶች ናቸው፣ ጥቁር ካባ የለበሱ ተማሪዎች። አድማጩ ዘፈኑን ሲወደው እንደ ደንቡ አያጨበጭብም፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ያስላል። እትዬ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ጉንፋን ሲይዘኝ ትወስደኛለህ" አሉ።