በመርዶ የጀመረ ትምህርት፦ የግብረ ገብ ፍልስፍናን ማስተማር እንዴት እንደተማርኩ

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሚሰጠው የሥነ ምግባርና የሥነ ዜጋ ኮርስ ውስጥ የግብረ ገብ ፍልስፍናን ክፍል እንዳስተምር ሲመደብልኝ፣ መንገዱ ግልጽ መስሎ ታይቶኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ፈላስፎቹን ጄረሚ ቤንታምንና ጆን ስቱዋርት ሚልን፣ በሁለተኛው ኢማኑኤል ካንትን፣ በሦስተኛው አርስቶትልን አቀርባለሁ፤ ከዚያም እፈትናለሁ። እንዳሰብኩትም አደረግሁ። ተማሪዎቹ በፈተናው ላይ «ቤንታም፦ ለብዙኃኑ ከፍተኛው ደስታ»፣ «ካንት፦ ግዴታ»፣ «አርስቶትል፦ መካከለኛው መንገድ» ብለው ጻፉ። ውጤታቸው ጥሩ ስለነበር የገባቸው መሰለኝ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመሪያ ቢሮዬ የመጣ አንድ ተማሪ ነው። አባቱ ያረፉት ኮርሱን እየተማረ ሳለ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ግን ፈተናው እንዳይበላሽበት ብሎ አምስት ሳምንት ሙሉ ደበቀው። ልጁ ቤት በደወለ ቁጥር «አባባን ትንሽ አሟቸው ተኝተዋል፣ ሲነሡ እነግራቸዋለሁ» ይለው ነበር። መርዶው የተነገረው ፈተናውን ጨርሶ አገሩ በገባ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ፣ ጎረቤትና ዘመድ ደጁን ሲያንኳኳ ነው። «መምህር፣» አለኝ፣ «ወንድሜ በካንት ሲታይ አጥፍቷል፣ በቤንታም ሲታይ ልክ ሠርቷል። ይህን ብጽፍ ሙሉ ነጥብ አገኛለሁ። ነገር ግን ላመስግነው ወይስ ልቀየመው፣ እስካሁን አላወቅሁም።» የምመልስለት አጣሁ። ያስተማርኩት የፈላስፎቹን መደምደሚያ ብቻ እንደነበረ፣ ወደ መደምደሚያው ያደረሳቸውን ጥያቄ ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ እንዳላነሣሁት የገባኝ ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ተማሪውን አስፈቅጄና ማንነቱን የሚያሳውቀውን ሁሉ ለውጬ ኮርሱን በዚህ ታሪክ ጀመርኩ። የአንድም ፈላስፋ ስም ሳልጠራ «ወንድምየው ትክክል ሠርቷል ወይ? ለምን?» ብዬ አንድ አንድ ገጽ አስጻፍኳቸው፤ ወረቀቶቹንም ሰብስቤ አስቀመጥኳቸው። አብዛኞቹ ትክክል ነው ብለው ነበር። ምክንያታቸውም አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል፤ ልጁ ቢሰማ ኖሮ ይወድቅ ነበር፣ አባትየው ደግሞ በመስማቱ አይነሡም።

ይህ የቤንታም መንገድ ስለሆነ ከእርሱ ተነሣን። ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው ሥራው ደስታና ሥቃይ የሚመዘኑባቸውን ሰባት መለኪያዎች ዘርዝሯል፤ ጥንካሬ፣ ርዝመት፣ እርግጠኝነት፣ ቅርበት፣ ሌላ ደስታ ወይም ሥቃይ የማስከተል አቅም፣ ከተቃራኒው ስሜት ንጹሕ መሆንና የሚነካቸው ሰዎች ብዛት። ሰባቱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስሌቱን ለእነርሱ ተውኩት። በአንድ ወገን የፈተናው ውጤት፣ የሚባክነው ዓመት፣ የቤተሰቡ ወጪ ተጻፈ። በሌላው ወገን አንዲት ተማሪ «አባቱን አፈር አላለበሰም» የሚለውን ካስጻፈች በኋላ ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ሌላዋ «ከዚያ በኋላ ከቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ይደነግጣል፤ እናቱ ደህና ናት ቢሉትም አያምንም» አለች። ድንጋጤው ስንት ዓመት ይቆያል? በስንት ይባዛል? አንድን ድርጊት ብቻውን በመመዘንና አንድን ልማድ ከነሙሉ ውጤቱ በመመዘን መካከል ያለውን ልዩነት፣ ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ገለጻ አድርጌበት ያልተሳካልኝን፣ በዚህ ክርክር ራሳቸው ደረሱበት።

ካንት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየን። በመጀመሪያው ዓመት የካንትን የድርጊት መመዘኛ «ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግ ምን ይውጠናል?» በሚል አስተምሬው ነበር፤ ይህ ስሕተት ነው፤ ካንትን በጓሮ በር መልሶ ወደ ቤንታም ያስገባዋል። ካንት የሚጠይቀው ውጤቱ መጥፎ ይሆን እንደሆነ ሳይሆን፣ የምመራበትን ደንብ ሁሉም የሚመራበት ሕግ ባደርገው ደንቡ ራሱ ሊቆም ይችል እንደሆነ ነው። ይህን ለማስረዳት ከመርዶ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» የሚል ስልክ የደረሰው ሰው ምን ብሎ ያስባል ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሞተዋል ይላል» አሉ። ውሸቱ ልማድ ስለሆነ የሚያታልለው ሰው አጥቷል፤ ይባስ ብሎ በእውነት የታመመ አባት ያለው ሰው ስልኩን ሲዘጋ እያለቀሰ መንገድ ይጀምራል። ካንት በሚኖርባት ከተማ በኮኒግስበርግ ሆኖ በሐሳቡ የሞከረውን እኛ በስልክ ኖረነዋል።

አንድ ተማሪ ግን በዚህ አልተስማማም። ሁሉም ትርጉሙን የሚያውቀው ከሆነ «አሟቸዋል» ማለት ውሸት አይደለም፣ ለሐዘን ማዘጋጃ የተስማማንበት ቋንቋ ነው ሲል ተከራከረ። ይህ ጠንካራ መቃወሚያ ነው፤ ዛሬም ሙሉ መልስ ሰጥቼዋለሁ አልልም። ያም ሆኖ አምስቱን ሳምንት አያድናቸውም፤ ልጁ አምኖ ነበርና። እዚህ ላይ የካንት ሌላው አነጋገር፣ ሰውን ምንጊዜም እንደ መሣሪያ ብቻ አትቁጠረው የሚለው፣ የበለጠ ጠቀመን። ወንድምየው ልጁን ለራሱ ጥቅም አላዋለውም፤ ይሁን እንጂ ከቀብርና ከፈተና መምረጥ የልጁ ሆኖ ሳለ ምርጫውን እርሱ መረጠለት። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ለጸሐፊው ለቤንጃሚን ኮንስታንት በሰጠው መልስ፣ ነፍሰ ገዳይ በር ላይ ቆሞ ወዳጅህ የት ነው ቢልህ እንኳ መዋሸት አይገባም እስከ ማለት መድረሱን ስነግራቸው ክፍሉ ተቃወመ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

አርስቶትል ላይ ያገኘሁት ችግር ሌላ ነበር። ብዙዎቹ መካከለኛውን መንገድ ሲሰሙ «ሞተዋል» እና «ደህና ናቸው» በሚሉት መካከል ያለው «አሟቸዋል» ስለሆነ ትክክለኛው እርሱ ነው አሉ። አርስቶትል ራሱ ይህን ስሕተት ገምቶታል። ዐሥር ምናን (የጥንት ግሪኮች የክብደት መለኪያ ነው) ምግብ ቢበዛ፣ ሁለት ቢያንስ፣ አሠልጣኝ ስድስት አያዝም፤ ስድስት ለዝነኛው የትግል ስፖርተኛ ለሚሎ ያንሳል፣ ለጀማሪ ይበዛል። መካከለኛው በሚገባው ጊዜ፣ ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው መንገድ የተደረገው ነው። ይህን ካነበብን በኋላ ስለ መርዶ ነጋሪዎች አወሩልኝ፦ የሚመረጡት አንደበታቸው የተረጋጋ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት መሆናቸውን፣ ሰውየው ብቻውን ሳለ እንደማይነገረው፣ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችንም የሥራ ዕረፍት ቀን ጠብቀውና ተሰብስበው እንደሚሄዱ። አርስቶትል «ፍሮኔሲስ» ብሎ የሰየመው አስተዋይነት ምን እንደሆነ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ከዚህ ገባቸው።

ሃይማኖትን በተመለከተ በመጀመሪያው ዓመት ፈርቼ ዘልዬው ነበር፤ መፍራቴ ስሕተት ነበር። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ተማሪ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ «ፈጣሪ ውሸትን ከልክሏል» የሚል ስለሆነ፣ ነገሩን ማለፍ ተማሪውን ማለፍ ነው። መልካም ነገር መልካም የሆነው ፈጣሪ ስላዘዘው ነው ወይስ መልካም ስለሆነ ነው ያዘዘው የሚለው ጥያቄ ከሶቅራጥስ ዘመን ጀምሮ የተጠየቀ ነው፤ ሙዕተዚላና አሽዓሪ የተባሉት የነገረ መለኮት ወገኖችም በእስልምና ውስጥ ተከራክረውበታል። ይህን ሲሰሙ ጥያቄው እምነታቸውን ለመንጠቅ የመጣ እንዳልሆነ ተረዱ። በፈላስፋው በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውን ሐተታ የተባለ ድርሰትም ከኮርሱ መጨረሻ አንሥቼ እዚህ አስገባሁት፤ የሰው ልቡና የእግዚአብሔርን ፈቃድ መርምሮ መለየት ይችላል የሚለው ክርክሩ ቦታው እዚህ ነውና። የደራሲውን ማንነት በተመለከተ ከጣሊያናዊው ተመራማሪ ከኮንቲ ሮሲኒ ጀምሮ ያለውን ክርክርም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

በመጨረሻው ሳምንት የመጀመሪያውን ቀን ገጽ መልሼላቸው እንደገና እንዲጽፉ ጠየቅኋቸው። ብዙዎቹ ፍርዳቸውን አልለወጡም፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ሆኖ ነበር፤ የሚቃወማቸውንም ሐሳብ ከነጥንካሬው አስቀምጠውታል። አንዷ ቤቷ ደውላ «እኔ ፈተና ላይ ብሆንም ንገሩኝ» ብላ ከእናቷ ጋር ቃል መግባባቷን ጽፋለች።

ታሪኩን የሰጠኝ ተማሪ ክፍሉ ምን እንዳለ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። የተባለውን ሁሉ ነገርኩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ወንድሙን ፊት ለፊት እንደጠየቀውና ወንድሙም «የወሰነችው እማማ ናት፤ እኔ ስልኩን ያዝኩ እንጂ» ብሎ እንደመለሰለት ነገረኝ። ሴሚስተሩን ሙሉ ስንዳኘው የቆየነው ሰው ውሳኔው የእርሱ አልነበረም። በዚህ ዓመት ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ «ወንድምየው» የሚለውን አንሥቼ «ቤተሰቡ» ብያለሁ፤ ተማሪዎቹም ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው «ማን ነው የወሰነው?» እያሉ ይጠይቁኛል።