ከደብረ ብርሃን ወደ ዋታሙ፦ የግማሽ ቀን ዓሣ ማጥመድ ዕቅዳችን

በመጪው ጥር፣ በሴሚስተሩ እረፍት፣ ባለቤቴን፣ የ9 ዓመት ልጄንና የባለቤቴን ወንድም ይዤ ወደ ኬንያ ጠረፍ፣ ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ዋታሙ ለመሄድ እየተዘጋጀሁ ነው። ከአራታችን አንዳችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ጀልባ ተከራይተን ዓሣ ልናጠምድ መሆኑን የሰሙ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ «በረሳ ወንዝ ምን ጎደለውና?» እያሉ መቀለዳቸውን አላቆሙም፤ እኔ ግን ዝግጅቱ ራሱ የእረፍቱ ግማሽ ሆኖብኛል።

አስቀድመን መወሰን የነበረብን ከባሕሩ ዳር ምን ያህል እንደምንርቅ ነበር። በዚያ ጠረፍ ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ጉዞ ያቀርባሉ፤ አንዱ ቀኑን ሙሉ ወደ ጥልቁ ወጥቶ እንደ ማርሊንና ሴይልፊሽ ያሉ ግዙፍ ዓሦችን መፈለግ ሲሆን፣ ሌላው ከኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሠሩት) አለት ወጣ ብሎ፣ የብሱ ከዓይን ሳይሰወር፣ ለአራት ወይም ለአምስት ሰዓት የሚደረግ ነው። የባለቤቴ ወንድም ልቡ ማርሊኑ ጋ ነበር። እኔ ግን ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ጥልቁ ላይ በሁለተኛው ሰዓት ቢታመም፣ ወይ የሁሉንም ቀንና ገንዘብ አበላሽቶ ይመለሳል፣ ወይም እስከ ማታ እየማቀቀ ይቆያል ብዬ ተከራከርኩ፤ ከቅርብ ከሆነ ግን ጀልባው ዞሮ ብዙም ሳይቆይ አሸዋው ላይ ያደርሰናል። ዓሣውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ ስዋሂሊዎቹ ንጉሩና ኮሌ ኮሌ የሚሏቸው፣ ባራኩዳም ጭምር፣ ከአለቱ አቅራቢያ ይገኛሉ። ለጀማሪ ደግሞ አንድ ትልቅ ዓሣ ይመጣል እያለ ቀኑን ከሚጠብቅ፣ ትንሽም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ክሩን የሚነካ ነገር ቢያገኝ ይሻለዋል።

ወቅቱን በተመለከተ ትልቅ ስሕተት ልሠራ ነበር። እኛ መምህራን ረጅሙ እረፍታችን ክረምት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መጠየቅ የጀመርኩት የነሐሴን የአውሮፕላን ትኬት ነበር። የዚያ ጠረፍ ባሕር ግን የሚታዘዘው ለሁለት ነፋሳት ነው። ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኩሲ ባሕሩን ስለሚያናውጠው፣ በተለይ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ብዙዎቹ የማጥመጃ ጀልባዎች ለጥገና ወደ የብስ ይወጣሉ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ካስካዚ ይነፍስና ባሕሩ ይረጋጋል። በመሆኑም የእኛ አጭሩ የጥር እረፍት ከረጅሙ የክረምት እረፍት ለዚህ ጉዳይ ይበልጣል። በዚያ ላይ ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ጀልባ ላይ መክፈት አልፈለግሁም።

ከነፋሱ ቀጥላ የመጣችው ጨረቃ ነች። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት በዚያ ጠረፍ እስከ 4 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሰሞን ውኃው በኃይል ስለሚፈስ ክሩን እንዲያሰምጥ ጫፉ ላይ የታሰረው የእርሳስ ብረት ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ይወሰዳል፤ ባሕሩ በጎደለ ሰዓት ደግሞ ጀልባ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ ሊቀር ይችላል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ግን ፍሰቱ ስለሚቀንስ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። አማቴ መሪጌታ ስለሆኑ በባሕረ ሐሳብ የጨረቃዋን ሌሊት እንዲያሰሉልኝ ጠየቅኋቸው፤ በጣታቸው ቆጥረው በጥር አጋማሽ እንደምትሞላ ነገሩኝ። የስልኬ የቀን መቁጠሪያም ያንኑ ስላለ ሳምንት ጨምሬ «እንግዲያስ ጥር 21 ይሁን» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በአስተርዮ ማርያም መንጠቆ ይዘህ ልትቆም ነው?» አሉኝ።

«22ስ?»

«ዑራኤል።»

ዓርብም አልሆነ፣ በዓልም አልሆነ፤ ጥር 20፣ ሐሙስ፣ ጸደቀ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ከጀልባ አከራዮች ጋር የተደረገው ንግግር ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ደላላ የሚያምር ነጭ ጀልባ ፎቶ ልኮ ቀብድ ጠየቀኝ፤ የጀልባውን ሞተርና ለልጅ የሚሆን የነፍስ አድን ጃኬት ፎቶ እንዲልክልኝ ስጠይቀው ግን ጠፋ። ከእርሱ በኋላ ገንዘብ ከማንሣቴ በፊት የምጠይቀውን አስተካከልኩ። ዋጋው የሙሉ ጀልባ ነው ወይስ የአንድ ሰው? ነዳጁ፣ ዘንጉ፣ መንጠቆ ላይ የሚሰካው የዓሣ ቁራጭ፣ በረዶውና የመጠጥ ውኃው በዋጋው ውስጥ ናቸው? ነፋስ ቢነሣ ማን ይወስናል፣ ገንዘቡስ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይዛወራል? የተያዘውስ ዓሣ የማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓሣው የጀልባው ነው የሚል ልማድ ስላለ፣ የእራቱን ነገር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የምናጠምድበትን ቦታ ጠየቅሁ፤ ምክንያቱም የዋታሙ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ከ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የተጠበቀ ነው፣ በውስጡም ማጥመድ ክልክል ነው። «ፓርኩ ውስጥ አስጠምዳችኋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመ ንግግሩን እዚያው ማቆም ነው። አሁን የተስማማነው ካፒቴን ከፓርኩ ወሰን ውጭ የት የት እንደሚወስደን በካርታ አሳየኝ፤ ከእኛ አገር ገንዘብ መላክ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ስነግረውም ክፍያውን ስንደርስ ለመቀበል ፈቀደ።

እስከዚያው ልምምዱ ግቢያችን ውስጥ ቀጥሏል። የባለቤቴ ወንድም ከዝዋይ ያመጣው አሮጌ ዘንግ አለን፤ በመንጠቆው ፈንታ ዳዶ አስረን፣ ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ የልብስ መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ ለመጣል እንሞክራለን። ባለፈው ቅዳሜ የወረወርኩት ዳዶ የጎረቤታችን በግ ፀጉር ውስጥ ተተብትቦ ቀረ፤ በጉ ሲሮጥ ማጠንጠኛው ያሰማው የነበረውን ጩኸት ልጄ «እንግዲህ ማርሊን እንዲህ ነው» ብሎ ተረጎመው። ክሩን ከመንጠቆ ጋር የሚያስረውን ቋጠሮ ግን ከእኔ ይልቅ እርሱ ነው የለመደው፤ የክሩን ጫፍ አምስት ጊዜ ጠምዝዞ በቀለበቱ ይመልሰውና፣ ከማጥበቁ በፊት በምራቁ ያርሰዋል። በደረቁ የጠበቀ የናይለን ክር በሰበቃ ስለሚሞቅ እዚያው ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል።

ሌላው ስጋት ማጥወልወሉ ነው። ባለቤቴ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ያለ ሎሚ ልጣጭ ተሻግራው አታውቅም፤ ባሕር ደግሞ የማያልቅ ጣርማበር ነው። ፋርማሲስቱ ክኒኑ የሚወሰደው ጀልባው ከመነሣቱ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ እንደሆነ፣ ማጥወልወል ከጀመረ በኋላ እምብዛም እንደማይረዳ፣ የልጁም መጠን በኪሎው እንደሚሰላ ነግሮናል። ሎሚውም አይቀርም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችን ተዘጋጅቷል፤ ለወባውም ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ከምናስበው በላይ ማሰብ ስላለብን ሐኪም አማክረናል። ቪዛ ለኢትዮጵያውያን አያስፈልግም።

የመነሻ ሰዓቱ ላይ ትንሽ ግራ መጋባት ነበር። ካፒቴኑ በእንግሊዝኛ «6» ብሎ ስለጻፈ ባለቤቴ በቀትር ፀሐይ ሊያወጣን ነው ብላ ተቆጣች። በስዋሂሊ ግን ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ኖሯል፤ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ?» ብዬ ስጽፍለት ሳቀና «አዎ፣ 12 ሰዓት፣ ገና ሲነጋ» አለኝ።

የቀረው የልጁ ጃኬት ነበር። ካፒቴኑ ዕድሜውን ሳይሆን ኪሎውን ጠየቀኝ፣ ጃኬቱ የሚመረጠው በክብደት ነውና። ቤታችን ሚዛን ስለሌለ ገበያ ወርደን እህል ነጋዴው ዘንድ፣ ከሁለት የገብስ ጆንያዎች መካከል፣ ሚዛኑ ላይ አቆምኩት፤ ነጋዴው መርፌዋን ጎንበስ ብሎ አይቶ «26፣ ከነጫማው» አለ። ማታ ካፒቴኑ «ከ20 እስከ 30 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብርቱካናማ ጃኬት ፎቶ ላከልኝ።