ጫማ ማውለቅን የተማርኩበት መንገድ፤ 35 ቀን በእግር ወደ ሳንቲያጎ

ከሥራዬ አንዱ ተረከዝ ማየት ነው። ጀርመን አገር በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ከአልጋ የማይነሱትን አዛውንቶች ጠዋት ሳጥባቸው ተረከዛቸውን አገላብጬ አያለሁ። ቀላ ያለ ቦታ ካገኘሁ በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። ስጫነው ነጣ የማይል ከሆነ ቁስል እየመጣ ነው ማለት ነው። ወዲያው ትራስ ከባታቸው ሥር ገብቶ ተረከዙ ከፍራሹ ይነሳል። አንዴ ከቆሰለ ግን ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ይህን ስምንት ዓመት ሠርቼዋለሁ። የራሴን ተረከዝ በዚያ ዓይን ለማየት ግን 160 ኪሎ ሜትር በእግሬ መሄድ ነበረብኝ።

የሄድኩት ካሚኖ በሚባለው የተሳላሚዎች መንገድ ነው። መንገዶቹ ብዙ ናቸው። እኔ የመረጥኩት ከፈረንሳይዋ ሴን ዣን ፒየ ደ ፖር ተነስቶ የፒሬኒስን ተራራ ተሻግሮ፣ ሰሜን ስፔንን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋርጦ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የሚደርሰውን ነው። ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሳንቲያጎ ማለት ቅዱስ ያዕቆብ ነው፤ የዘብዴዎስ ልጅ፣ የዮሐንስ ወንድም። መቃብሩ እዚያ ካቴድራል ውስጥ እንደሆነ ይታመናል። በ2024 ብቻ ወደ 500,000 የሚጠጋ ሰው ጉዞውን ጨርሶ የምስክር ወረቀት ወስዷል። ከእነሱ አንዷ እኔ ነኝ።

የተነሳሁት በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2 ነው። ሳልነግራችሁ እንዳልቀር፣ በተራራው አናት የሚያልፈው መንገድ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። ስለዚህ ከተከፈተ በማግስቱ ነው የወጣሁት። በእኛ ደግሞ ሁዳዴ ከገባ ሦስት ሳምንት አልፎታል። እነሱ ፋሲካቸውን ጨርሰው የቸኮሌት እንቁላል በየዳቦ ቤቱ ደርድረዋል። እኔ ስንቄን ተሸክሜ ሽቅብ ጀመርኩ።

ቦርሳዬ 10.8 ኪሎ ይመዝን ነበር። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች የሚሉት ከሰውነታችሁ ክብደት አንድ አሥረኛው በቂ ነው። እኔ 62 ኪሎ ነኝ፤ ሒሳቡን ሥሩት። ጂንስ ሱሪ ነበረኝ። ወፍራም መጽሐፍ ነበረኝ። ሁለተኛ ጫማ፣ የፀጉር ቅባት በትልቁ ዕቃ፣ «ምናልባት ቢያስፈልግ» ብዬ የያዝኩት ሁሉ ነበረኝ። ፓምፕሎና ስደርስ ሦስት ኪሎ ያህሉን አሽጌ በፖስታ ወደ ሳንቲያጎ ላክሁት። ከዚያ በኋላ አንዱም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ያልላክሁት በሶውን ነው። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ዳገት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። ከ170 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ወደ 1,430 ሜትር ትወጣላችሁ። እኔን የጎዳኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ከአናቱ ወደ ሮንሴስቫዬስ ሲወረድ ጣት ሁሉ ወደ ጫማው አፍንጫ ይገፋል። በማግስቱ ወደ ሱቢሪ የሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የቀኝ ተረከዜ ማቃጠል ጀመረ። እንዲያው ሞቅ ያለ ነገር፣ እንደ ሻይ ብርጭቆ። «አልቤርጌ ስደርስ አየዋለሁ» አልኩ። አልቤርጌ የሚባለው የተሳላሚዎች ማደሪያ ነው፤ ተደራራቢ አልጋ፣ የጋራ ኩሽና። ለመድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር ቀርቶኝ ነበር። ስደርስ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት፤ የድሮ አንድ ብር ሳንቲም ያክላል።

እዚህ ላይ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ካሚኖ የሚሄድ ሰው ሁሉ ያሰበውን ጥያቄ ትቶ መጨረሻ የሚጠይቀው ስለ እግር ነው። ውሃ የቋጠረውን ቆዳ አትላጡት። ትንሽ ከሆነ ሳትነኩት ሸፍኑት። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከላችሁ፣ እጃችሁንና ቦታውን አጽድታችሁ፣ በጸዳ መርፌ ከጎኑ ወግታችሁ ውሃውን አፍስሱና ቆዳውን እንደ ክዳን ተዉት። መንገድ ላይ ክር አስገብተው የሚተዉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ክሩ ቆሻሻ ይዞ ይገባል። ጫማ ስትገዙ ከሰዓት በኋላ እግራችሁ ካበጠ ወዲያ ግዙ፤ ከለመዳችሁት ቁጥር ከፍ ያለ ይሁን። ጠዋት በጣቶቻችሁ መሐል ቫዝሊን፤ ካልሲ ሱፍ እንጂ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፤ ርጥብ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላላል።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም የቆሰልኩት። ስላልቆምኩ ነው። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያች ደቂቃ ተንበርክኬ ካልሲውን አወልቅ ነበር።

ቁስሉን ላለመርገጥ ስል አረማመዴን ቀየርኩ። በውጪው ጠርዝ መርገጥ ጀመርኩ። አራት ቀን እንደዚያ ሄጄ ሎግሮኞ ስደርስ የግራ ቅልጥሜ ፊቱ አብጦ፣ ጣቴን ሳነሳ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል። ጅማቱ ተቆጥቷል። የመድኃኒት ቤቷ ሴት አይታ ሁለት ጣቷን አነሳች፤ ሁለት ቀን እረፍት። አስቡት፤ አሥር ደቂቃ አልቆምም ብዬ ሁለት ቀን ተኛሁ።

ሎግሮኞ ላይ ነው ከአንዲት ኮሪያዊት እናት ጋር በደንብ የተዋወቅነው። ከፓምፕሎና ጀምሮ አያቸው ነበር። 68 ዓመታቸው ነው፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ትልቅ ኮፍያ። ጠዋት ጠዋት እያለፍኳቸው እሄዳለሁ። ማታ ደግሞ እዚያው መንደር እንገናኛለን። በስልክ እያስተረጎምን ነው የምናወራው። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። አባታቸው ስለ ኢትዮጵያ ወታደሮች ይነግሯቸው ነበር፤ የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1951 ኮሪያ ሄደው የተዋጉትን ማለት ነው። ያን ቀን ስልኩን መልሰው መላልሰው እያዩ «አመሰግናለሁ» የሚለውን በአማርኛ ተለማመዱ።

ከዚያ በኋላ አብሬያቸው መሄድ ጀመርኩ። ቅልጥሜም ከእሳቸው ፍጥነት በላይ አይፈቅድልኝም። ያየሁት ይህን ነው። በየሰዓቱ ይቀመጣሉ። ደከመኝ ብለው አይደለም፤ ሰዓቱ ስለደረሰ ነው። ጫማቸውን ያወልቃሉ። ካልሲያቸውን ገልብጠው ነፋስ ላይ ይሰጣሉ። እግራቸውን በትንሽ ፎጣ ያብሳሉ፤ በየጣቱ መሐል። ከዚያ አንድ በአንድ ያዩታል፣ በአውራ ጣት ጫን ጫን እያደረጉ። ልክ እኔ ሥራ ቦታ እንደማደርገው። አሥር ደቂቃ። ከዚያ ይነሳሉ። 780 ኪሎ ሜትሩን ሲጨርሱ አንድም ውሃ አልቋጠሩም።

እኔም ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጣም ነው የከበደኝ። ሰው ሲያልፈኝ ውስጤ ይነሳል። ስደት የለመደ ሰው መቀመጥ ይከብደዋል መሰለኝ። ፈረቃ፣ ባቡር፣ ትርፍ ሰዓት፤ የቆመ ሰው የተበላ ይመስለዋል። ከቡርጎስ በኋላ የሚመጣው ሜሴታ የሚባለው ሜዳ ነው ያስለመደኝ። ማለቂያ የሌለው የስንዴ ማሳ ነው፤ ሚያዝያ ላይ አረንጓዴ። ከካሪዮን ዴ ሎስ ኮንዴስ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር ሙሉ አንድም መንደር የለም። እዚያ መቸኮል ትርጉም የለውም፤ የምትደርሱበት ቦታ አይታያችሁም። ብዙዎች ይህን ክፍል በአውቶቡስ ይዘሉታል። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ሆነ።

ስለ ጾሙ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ስፔን ጾመኛ ለመሆን ቀላል አገር አይደለም። ጠዋት በየቡና ቤቱ የሚጠብቃችሁ ቶርቲያ የሚሉት ድንችና እንቁላል ነው። ሰላጣ ስታዙ ቱና ተበትኖበት ይመጣል። ምስር አለ ሲሏችሁ ደስ ብሏችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ውስጡ ቾሪሶ፣ የአሳማ ቋሊማ። «ሥጋ የሌለው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኡዌቮ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን አቱን» (ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቱና) ብዬ አራቱንም በቃሌ ይዤ ነበር። ዳቦ በቲማቲምና በዘይት ጠዋት ጠዋት በላሁ። የወይራ ፍሬ፣ ብርቱካን፣ ሽምብራ በቆርቆሮ። ማታ ኩሽና ያለው አልቤርጌ ካገኘሁ በያዝኳት ትንሽ በርበሬ ምስር ወጥ ሠራሁ። አንድ ማታ ከቡርጎስ ወዲህ ሽታው ስንት ሰው እንደሰበሰበ!

ያዳነኝ ግን በሶው ነው። እናቴ ናት ከአዲስ አበባ የላከችልኝ፤ አንድ ኪሎ ተኩል። ጠዋት በጠርሙስ ውስጥ ከውሃና ከማር ጋር በጥብጬ እይዘዋለሁ። በየሰዓቱ ስንቀመጥ ትንሽ እጎነጫለሁ። አያቶቻችን በዚህ ነው አገር ያቋረጡት። በስፖርት ሱቅ በሦስት ዩሮ ከሚሸጠው የጉልበት መስጫ ጣፋጭ ይልቅ ሆድ ይይዛል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ሌዮን ስደርስ አለቀ። በመጨረሻው ማንኪያ ላይ ትንሽ አዘንኩ።

አስቶርጋ የደረስኩት ሚያዝያ 17 ነው፣ በእኛ። እናቴ ደውላ «ዛሬኮ የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ ቀን ነው» አለችኝ። ስፔኖች የሚያከብሩት በሐምሌ ነው። ያን ቀን ከኔ በቀር ማንም አያውቅም። ለኮሪያዊቷ እናት ነገርኳቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።

ተራራው ላይ ያለችውን ኦ ሴብሬይሮን በጉም ውስጥ አለፍናት። ከፒሬኒስ ጀምሮ የምንከተለውን ቢጫ ቀስት በ1980ዎቹ በየድንጋዩና በየግድግዳው እየዞሩ መቀባት የጀመሩት የዚህች መንደር ቄስ፣ ኤሊያስ ቫሊኛ ናቸው። አንድ ቄስ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለም። ቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ላይ ጥቂት ቆየሁ።

ሳሪያ ላይ መንገዱ ይጨናነቃል። የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ስለሚበቃ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በየደረሳችሁበት ማኅተም በሚመታበት የተሳላሚ ደብተራችሁ ላይም እዚያ ጋ በቀን ሁለት ማኅተም ማስመታት ይጠበቅባችኋል። አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ስቅለት ዕለት ከፖርቶማሪን ፓላስ ዴ ሬይ 25 ኪሎ ሜትር ነበር። ቀኑን አስቀድሜ ቆጥሬ ለእረፍት መያዝ ነበረብኝ። ሳልበላ ሳልጠጣ ሄድኩ፤ ወደ መጨረሻው ዓይኔ ጨለመብኝና የድንጋይ አጥር ተደግፌ ተቀመጥኩ። ስግደትም አልሰገድኩ፣ መንገዱንም በወጉ አልሄድኩ። ከእናንተ መሐል በሁዳዴ የሚሄድ ካለ የሰሞነ ሕማማትን ቀናት ካርታው ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

የፋሲካ ዋዜማ አርሱዋ አደርን። አርሱዋ የታወቀችው በአይቧ ነው፤ ከላም ወተት የሚሠራ፣ ለስላሳ፣ ሲቆረጥ የሚለጠጥ። በየሱቁ መስኮት ክብ ክቡ ተደርድሯል። አንድ ትንሽ አይብና ስድስት እንቁላል ገዛሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልቤርጌው ለመኝታ መብራት አጠፋ። እኔ ኩሽናው ውስጥ የስልኬን ማዳመጫ በአንድ ጆሮዬ ሰክቼ ቅዳሴ አዳምጥ ነበር። ሌሊት እናቴ ደወለች። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አለችኝ። «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አልኳት በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳልቀሰቅስ። ከኋላዋ ዶሮ ወጡ እየተሞቀ ነው፣ የድስቱ ክዳን ይሰማኛል።

«እግርሽስ?» አለችኝ።

«ደህና ነው እማዬ። አሁን አየሁት።»

ጎህ ሳይቀድ ኮሪያዊቷ እናት ኩሽና ገቡ። እንቁላሉን ቀቀልን። አይቡን በቢላዬ ቆርጬ መጀመሪያ ለሳቸው አጎረስኳቸው። ማጉረስ ምን እንደሆነ አላስረዳሁም፤ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እሳቸውም ለኔ ቆረጡ።

ኦ ፔድሮውሶ ለመድረስ 19 ኪሎ ሜትር ነበር። ሌሊቱን ዘንቧል። ከአርሱዋ በኋላ መንገዱ ባሕር ዛፍ መሐል ይገባል። ቀና ያለ፣ ረጅም፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ልክ እንጦጦ ላይ እንዳለው። ዝናብ የነካው ቅጠል ሽታ ድንገት አፍንጫዬን መታኝ። ቁርጥ የልጅነት ጠዋት። አንድ ሰዓት ሆኖን ነበር። ግንድ ላይ ተቀመጥንና ጫማችንን አወለቅን።