ፎቶዬን ሁሉም አዘነበት፣ ግን ማንም አልመጣም

ትምህርት ቤት በር ላይ ያለ መንገድ ነው፣ ዜብራ የለውም፣ መኪናው ደግሞ እንደፈለገው ይበራል። ነገሩ ሲያንገበግበኝ ካሜራዬን ይዤ ፎቅ ላይ ወጣሁና መዓት ፎቶ አነሳሁ፣ የመኪናውን ብዛት፣ በመሀል እየተሹለከለኩ የሚሻገሩትን ልጆች፣ ሁሉንም፣ ከዛ አስራ ምናምኑን ፖስት አደረግኩት። ላይኩ ጎረፈ፣ "ያሳዝናል"፣ "እግዜር ይጠብቃቸው" ተባለ፣ በቃ። በነጋታው ልጆቹ ያው እየሮጡ ነው የሚሻገሩት። በጣም ነው የከፋኝ።

ያኔ ትዝ ያለኝ ሌዊስ ሃይን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካና ማዕድን ማውጫ የሚሠሩ ህፃናትን እየዞረ ያነሳ ሰው ነው። የልጆቹን ቁመት በራሱ ልብስ ቁልፎች እየለካ፣ ዕድሜያቸውንና ሥራቸውን እየጠየቀ ይመዘግብ ነበር። ፎቶው ሆድ ያባባል፣ ጽሑፉ ደግሞ "የት ነው? ስንት ዓመቷ ነው?" ለሚል መልስ አለው። የኔዎቹ ግን ሁለቱንም አልነበሩም፣ ብዛት ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ ከፎቁ ወረድኩ። አስፋልቱ ዳር ተንበርክኬ ካሜራውን የአንዲት ትንሽ ልጅ ዓይን ከፍታ ላይ አደረግኩት። እዛ ሆናችሁ ስታዩት የጭነት መኪና ጎማ ከልጅ ይበልጣል፣ እኔ ቆሜ ስሻገር አንድም ቀን ታይቶኝ አያውቅም። ሻተር ስፒዱን (ካሜራው ብርሃን እያስገባ የሚቆይበትን ጊዜ) 1/30 ሰከንድ ላይ አወረድኩት፣ ዝም ብላ የቆመችው ልጅ ጥርት ትላለች፣ መኪናው እንደ ጭስ ተስቦ ያልፋል (እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ)። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ነበር፣ ጭብጥ አርጋ።

እናትየዋን አስፈቀድኩ፣ ፎቶውንም አሳየኋት። ይሄን ነገር ቀለል አታርጉት፣ አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ያነሳቻት እናት ስሟን እንኳን አልተጠየቀችም፣ ፎቶው ዓለምን ዞረ፣ ሴትየዋ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ምነው ባላነሳችኝ ብላለች። የኛዋ እናት "ፊቷ አይታይ" አለችኝ፣ ከጀርባ ያነሳኋትን መረጥኩ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ኋላ ላይ ግን ፊቷ ስለማይታይ ነው መሰለኝ እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ልጅ አየባት።

አንድ ፎቶ ብቻ ፖስት አደረግኩ፣ ከስሩም "ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ልጆቹን የሚያሻግር ሰው እንፈልጋለን፣ የምትመጡ ስማችሁን እዚህ ጻፉ" ብቻ ብዬ። ላይኩ የመጀመሪያውን ግማሽ አልሞላም፣ ሰኞ ጠዋት ግን አራት ሰው ቆሞ ጠበቀኝ፣ አንደኛው ልጅ እንኳን የለውም።

አሁን ፎቶውን አትመን ከወላጆች ፊርማ ጋር ለሚመለከተው ክፍል አስገብተናል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። እስከዛው በተራ እናሻግራለን፣ ነገ ተረኛ እኔ ነኝ።