ቻለው

ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው። ቻለው ከሞተ ስምንተኛ ቀኑ። ቀን እየቆጠርኩ እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለውሻ ሰልስት የለ፣ ሰባት የለ። ግን ነሐሴ 28 ላይ ዛሬ ሰልስቱ ነው፣ ትናንት ደግሞ ሰባቱ ሞላ እያልኩ በሆዴ ስቆጥር ሰነበትኩ። አባዬ ሲሞት የለመድኩት ቆጠራ ነው፣ ራሱ ነው የሚቆጥረው።

ስሙን ያወጣለት አባዬ ነው። በ2004 ዓ.ም. ከዘጌ በኩል በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭነው ከሚመጡት አንዱ፣ እንጨቱ መሃል ጭብጥ የምታህል ቡናማ ቡችላ ሸጉጦ መጣ። አባዬ እንጨቱን ገዛ፣ ቡችላውን በምርቃት ወሰደ። ያኔ ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ተጣልተን ነበር፤ አንድ ክንድ ገፋችሁ፣ አልገፋንም የሚባለው የተለመደው ጭቅጭቅ። መቼም እኛ አገር ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይባል ነገር የውሻ ስም ሆኖ ይወጣል። ማታ ማታ አባዬ አጥሩ ሥር ቆሞ «ቻለው! ኧረ ቻለው!» እያለ ሲጣራ ውሻውን እየጠራ ይሁን ራሱን እየመከረ፣ የሰማው ሁሉ ገብቶታል። አንድ ሁለቴ ስሙ ቻለው የሆነ መንገደኛ «አቤት» ብሎናል።

እማዬ ውሻ አትወድም። ሕጓ አጭር ነው፤ ውሻ ከበረንዳው አያልፍም። እጀታው በወለቀ ብረት ድስት ፍርፋሪውን ትሰጠዋለች፣ ድስቱን በእግሯ ገፋ ታደርግለታለች፣ በቃ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በእጇ ስትነካው አላየሁም። ለጸሎት ተዘጋጅታ ድንገት ከታከካት እንደገና ትታጠባለች።

የእኔና የሱ ሰዓት አመሻሽ ላይ ነበር። ከሽምብጥ ወደ ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። ዓሣ አስጋሪዎቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳ ሲገፍፉ እሱ ከፔሊካኖቹ ጋር ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ወረፋ ግን አያከብርም። አንዳንዴ የአምባዛ ጭንቅላት ይጥሉለታል፤ ቤት የገባ አምባዛም ቢሆን ድርሻው የሱ ነው፣ እማዬ ቅርፊት የለውም ብላ አትቀምሰውም። ደፋር እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውሃው ሲወጣ አይቶ፣ እንኳን ሊጮህ፣ እግሬ መሃል ገብቶ ቆመ። የቤት ጠባቂ ተብዬው።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ላይ ሲከፈት አንድ እሑድ ይዤው ሄድኩ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። ያን ጊዜ አርጅቷል፣ ደግሞ እያንዳንዱን ምሰሶ ካላሸተተ አያልፍም፤ አንዱ ጫፍ እስክንደርስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ሰው ፎቶ እየተነሳ ነው፣ እኔ የውሻ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። ተናድጄ «ቶሎ በል እንጂ» አልኩት። አሁን እሱ ነው የሚቆጨኝ፣ ምን ያስቸኩለኝ ነበር።

ሕመሙን ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። ሐምሌ ላይ ውሃ መጠጣት አበዛ። ባልዲውን ሞልቼለት ልብስ ሰቅዬ ስመለስ ባዶ ነው። እኔ ሞኟ ጤና መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ከሳ፣ ከዚያ አፉ መሽተት ጀመረ፣ ከዚያ የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ የተገኘውን አጥንት ሁሉ አሽትቶ ትቶት ሄደ። አጥንት የተወ ቀን ነው የደነገጥኩት።

የእንስሳት ሐኪም ጋ ለመውሰድ ሦስት ባጃጅ እምቢ አለኝ። አራተኛው «በጨርቅ ጠቅልይውና ከእግርሽ ሥር ይሁን» አለ። ሐኪሙ የአንገቱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው አልተመለሰም። እንደ ድንኳን ጫፍ ቆሞ ቀረ። ውሃ እየጠጣ ውሃ አጥቷል አለኝ። ኩላሊቱ ነው፤ በእርጅና የሚመጣ ነው፣ ምልክቱ የሚታየው ደግሞ የኩላሊቱ አብዛኛው ክፍል ሥራ ካቆመ በኋላ ነው። «ቀድመሽ ብታመጪውም ብዙ ለውጥ አልነበረውም» አለኝ። ይህን ሊያጽናናኝ ብሎ ይሁን እውነቱን ይሁን፣ እስካሁን አገላብጠዋለሁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መርፌ እንዳለ ነገረኝ፣ ሳይሠቃይ እንዲያርፍ። «ነገ ጠዋት» አልኩት። ነገ ያልኩት ለሱ ብዬ አልነበረም። እኔ አንድ ሌሊት ፈልጌ ነው።

ያን ሌሊት ዝናቡ ጣለ፣ የነሐሴ መጨረሻ ዝናብ፣ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር የሚወርደው። ልነሳ ስል በር ሲከፈት ሰማሁ። እማዬ ናት። ባዶ ማዳበሪያ ከበሩ ውስጥ አነጠፈች፣ ቻለውን ከፊት እግሩ ሥር ደግፋ ጎትታ አስገባችው። በእጇ። እኔ እንዳየኋት አላወቀችም። «ግቢው ጭቃ ነው» አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ዱካ ላይ ተቀምጣ «አይዞህ ቻለው፣ ነጋ እኮ» ስትለው ሰማኋት። ለአባዬም በመጨረሻው ሰሞን የምትለው ይህንኑ ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አካባቢ ሞተ።

ጠዋት የሰፈሩን ልጅ ለቁፋሮ ጠራሁ። መጀመሪያ ግቢው ታች ላይ፣ ሐይቁ በሚታይበት በኩል አሰብኩ፣ ያው አንዳንዴ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ያስባል። ጉልበት ያህል ሳይቆፈር ውሃ ከሥር መነጨ። በክረምት መውጫ ጣና ሞልቶ መሬቱም ጠጥቶ ጠግቧል። ወደ ላይ ማንጎው ሥር ስንሄድ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ገጠመን። ልጁ «ለምን በማዳበሪያ አድርጌ ወስጄ አልጥልልሽም» አለ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። ቁፈር አልኩት። ጅብ እንዳያወጣው ወገቡን እስኪያልፍ ቆፈረ።

ማዳበሪያ ላመጣ ስገባ እማዬ ሳጥኑን ከፍታ ቆማለች። የአባዬን ጋቢ አወጣች። ከ2012 ጀምሮ ከዚያ ሳጥን ወጥቶ አያውቅም፤ ጠጅ ሳር ጠጅ ሳር ይላል፣ ጠርዙ ላይ ከሰል የፈነጠረበት ትንሽ ቀዳዳ አለች። «አሮጌ ነው። ለምንም አይሆንም» አለች። አሮጌ አልነበረም። ሁለታችንም እናውቃለን። ምንም አልመለስኩላትም። በሱ ጠቀለልነው፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ደረደርንበት።

ቢሮ አሞኛል ብዬ አንድ ቀን ቀረሁ። በማግስቱ አንዷ ባልደረባዬ ፊቴን አይታ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። ሳቀች። «የጃንሆይ ውሻ ሉሉ አደረግሽው እኮ» አለች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ስንት ሰው እየሞተ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። አልተቀየምኳትም። ያለፉት ሁለት ዓመታት ይህ ከተማ ምን እንዳየ ታውቃለች፣ አውቃለሁ። ስንት ለቅሶ በስልክ ብቻ እንደደረስን፣ መንገድ ተዘግቶ ቀብር ያልሄድንበት ስንት ጊዜ እንደሆነ። ጠያቂ ያጣ ሰው ሲሞት ደመ ከልብ ሆነ እንላለን፣ ከልብ በግዕዝ ውሻ ነው። ለሰው ያልበቃ እንባ ለውሻ ሲፈስ ያሳፍራል። እና እያፈርኩ ነው ያለቀስኩት፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ። አሁን ሳስበው ለቻለው ብቻም ላይሆን ይችላል።

በሦስተኛው ቀን ግን በራችን ተንኳኳ። እማማ ናቸው፣ ባለአጥሯ ጎረቤታችን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በሳህን ንፍሮ ይዘው። ደነገጥኩ። ማን ሞቶ ይሆን ብዬ ልጠይቅ ስል «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ቶሎ ብለው «ለአንቺ ነው የመጣሁት፣ ለሱ አይደለም። የሰው ልጅ አይደለም፣ በዚያ እንዳትሳሳቺ» አሉ። እማዬ ቡና አቀረበች። በመጀመሪያው ስኒ ስለ ዝናቡ አወራን። በሁለተኛው ላይ እማማ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ስሙ እኮ ለእኔ የወጣ ነው» አሉ። እማዬ መሬት መሬት አየች። እማማ ግን ሳቁ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር። «አሥራ ሦስት ዓመት ማታ ማታ ሰማሁት። ከሱ ጋር እኔም ቻልኩት።»

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው፣ ጦብያ መንገድ ሲወጣ ሩፋኤል አብሮት ሄደ፣ ውሻውም ተከተላቸው፣ በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፏል አሉኝ። መልአኩን ሁሌም እሰማለሁ፣ ዓሣውንም አውቃለሁ፣ ውሻ እንደነበረ ግን አላስታወስኩም ነበር። ገብቼ አነበብኩት። እውነት ነው፣ አለ። ሥራም የለውም፣ አንድም ተአምር አያደርግም። ዝም ብሎ አብሯቸው ይሄዳል።

ዛሬ ሩፋኤል ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ሲጨፍሩ ዋሉ። ድስቷ በሩ አጠገብ ናት፣ ዝናብ ሞልቷታል። ላነሳት ብዬ ሁለቴ ወጥቼ ተመለስኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እማዬ ፍርፋሪ ይዛ ወጣች። ውሃውን ደፋች፣ ፍርፋሪውን ገለበጠች። አንድ ጅራቱ የተቆረጠ የመንገድ ውሻ በሩን በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ገባ። ድስቷን በእግሯ አስጠጋችለት።

«ለዛሬ ብቻ ነው» አለችኝ፣ ሳላያት እንዳልቀረሁ ስታውቅ።

ትናንትም እንደዚሁ ብላ ነበር።